ዌስተርን ኮርቻ ለደጋ ፈረስ፦ ከመግዛት በፊት ምን ይለካ?

የኮሶዬ መንገደኛ (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ከጎንደር ወደ ኮሶዬ በሚወስደው መንገድ አካባቢ እንግዶችን በፈረስ የማስጎብኘት አነስተኛ ሥራ አለኝ። እስካሁን የምጠቀመው በአገር ቤት ኮርቻ ነው። እኛ የለመድነው ብንቀመጥበትም፣ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ገና ዳገቱን ሳንጨርስ መቀመጫው እንደጠበባቸውና እርካቡ እግራቸውን እንደሚቆርጣቸው ይነግሩኛል። ሰሞኑን አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ያገለገለ የቆዳ ዌስተርን ኮርቻ (የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት) በጥሩ ዋጋ እንዳገኘ ጽፎልኛል። የመቀመጫው ልክ 16 ኢንች፣ ክብደቱ ወደ 15 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ሻጩ ስለ ስፋቱ «ፉል ኳርተር ሆርስ ነው» ከማለት በቀር የጨመረው ነገር የለም።

ልጭንበት ያሰብኩት ዳማ ፈረሴ ቁመቱ እስከ ጫንቃው ጉብታ ድረስ 132 ሴንቲ ሜትር ነው። ጀርባው አጭር፣ ደረቱ ጠበብ ያለ፣ ጉብታው ግን ወጣ ያለ ነው። ይህ ኮርቻ ይስማማዋል ወይስ አይስማማውም የሚለውን ገንዘቡን ከመላኬ በፊት ማወቅ የሚቻልበት መንገድ ካለ ብትነግሩኝ ውለታችሁ ይከብደኛል።

አባ ጉግስ (አዘዞ)

ወንድሜ፣ ብዙ አያስቡ፤ ይምጣልዎት። የዌስተርን ኮርቻ መቀመጫው ሰፊ፣ የኋላ መደገፊያው ከፍ ያለ፣ ከፊቱም የሚጨበጥ ቀንድ ያለው በመሆኑ ፈረስ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ተረጋግቶ ይሄድበታል። ሰፋ ካለ ከሥሩ ወፍራም ነገር ማንጠፍ ነው። የአፄ ፋሲል ፈረስ ዞብል ሳይቀር መታሰቢያ ተሠርቶለታል በሚባልበት ከተማ ፈረስ ማስጌጥ ብርቅ አይደለም፤ ፈረሶቻችን በጥምቀት ስንት ግላስና ጌጥ ለብሰው ሲጋልቡ የሚውሉ ናቸው። 15 ኪሎ አይከብዳቸውም።

የእንስሳት ሐኪም (ማራኪ)

ከኮርቻው በፊት ስለ ፈረሱ ብንነጋገር ይሻላል። ወደ እኛ ከሚመጡት የጋማ ከብቶች መካከል በጀርባ ቁስል የሚሠቃዩት ጥቂት አይደሉም። ገበሬው ገጣባ የሚለው ቁስል ለዓይን የሚታየው በቆዳው መላጥ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚጀምረው ከሥር ነው፤ ኮርቻው ወይም ጭነቱ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲጫን ደም ወደ ሥጋው እንደ ልብ ስለማይደርስ ሥጋው ከውስጥ ይጎዳል፤ ቆዳው የሚከተለው በኋላ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ በቦታው ነጭ ፀጉር የሚበቅለውም የፀጉሩ ሥር በመጎዳቱ ነው። ስለዚህ በዳማው ጀርባ ላይ ከጉብታው ግራና ቀኝ ነጭ ነጠብጣብ ካለ፣ አሁን የሚጠቀሙበት ኮርቻም ቀድሞ ጎድቶት ሊሆን ይችላልና እሱንም ይመርምሩት።

ወደ ክብደቱ ልለፍ። ፈረስን ያለ ሚዛን ለመገመት የሚያገለግል ስሌት አለ። ከፊት እግሮቹ ጀርባና ከጫንቃው ጉብታ ኋላ አድርገው የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ ከትከሻው ፊተኛ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ጫፍ ደግሞ ርዝመቱን ይለኩ። የዙሪያውን ልክ በራሱ ያባዙና በርዝመቱ ደግመው አባዝተው ለ11,880 ያካፍሉት፤ የሚገኘው ቁጥር በኪሎ ግራም የፈረሱ ግምታዊ ክብደት ነው። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ የደጋ ፈረስ በዚህ ስሌት ወደ 246 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በብዙ አገር ጥንቃቄ ያላቸው ፈረሰኞች የሚከተሉት ልክ፣ ሰውየውም ኮርቻውም ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳያልፉ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ፈረሶች 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ ጭነው እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር፤ የልብ ምታቸው ጎልቶ የጨመረውና የጡንቻ ሕመም ምልክት ያሳዩት በ25 እና በይበልጥም በ30 በመቶ ጊዜ ነበር።

አሁን ስሌቱን ወደ እኛ እናምጣው። የ246 ኪሎ ፈረስ 20 በመቶ 49 ኪሎ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን እንግዳ 15 ኪሎ በሚመዝን ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ጠቅላላው 85 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም ከ34 በመቶ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ የኮሶዬ ዳገት አለ። አባ ጉግስ የጠቀሷቸው የጥምቀት ፈረሶች የሚሮጡት ለአጭር ጊዜ ነው፤ የእርስዎ ፈረስ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ተሸክሞ ይውላል።

ሌላው መታወቅ ያለበት የጀርባው ርዝመት ነው። ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 18 ጥንድ ጎድን አጥንት አለው፤ ክብደት መሸከም የሚችለው የጀርባው ክፍልም ከትከሻ አጥንቱ ኋላ ተነሥቶ የመጨረሻው ጎድን አጥንት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሽንጥ ከሥሩ ደጋፊ አጥንት ስለሌለው ጭነት ሊያርፍበት አይገባም። የመጨረሻውን ጎድን አጥንት ከሆዱ በኩል በጣትዎ ፈልገው ወደ ላይ እየተከተሉ ጀርባው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ከትከሻ አጥንቱ ኋላም እንዲሁ ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ቦታ የኮርቻዎ መሬት እሱ ብቻ ነው።

ጎንደሬው በዴንቨር

ሰላም ለሁላችሁ። ዶክተሩ ስለ ፈረሱ የተናገሩት ካለቀ እኔ ስለ ኮርቻው ልጨምር፤ እዚህ አገር በእርባታ ቦታ ስሠራ የዌስተርን ኮርቻ ስጭንና ስፈታ የምውል ሰው ነኝ።

የዌስተርን ኮርቻ ቆዳው ልብሱ ነው፤ ልኩን የሚወስነው ከውስጥ ያለው የእንጨት አጽሙ ነው። አጽሙ በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ረጃጅም ሳንቆች፣ ከፊት እነሱን የሚያገናኝ ቅስትና ከኋላ መደገፊያ አለው፤ እንጨቱ በጥሬ ቆዳ ወይም በፋይበር ግላስ ይለበጣል። «ፉል ኳርተር ሆርስ» እና «ሴሚ ኳርተር ሆርስ» የሚባሉት ስሞች የሳንቆቹን ስፋት የሚመለከቱ ናቸው። በብዙ ሠሪዎች ዘንድ ሴሚ ሲባል የፊት ክፍተቱ ወደ 16.5 ሴንቲ ሜትር፣ ፉል ሲባል ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ነገር ግን ሁሉንም የሚያስገድድ አንድ መለኪያ የለም፤ የአንዱ ፋብሪካ ፉል ከሌላው ሴሚ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ኳርተር ሆርስ ራሱ ደረተ ሰፊና ጡንቻማ፣ ብዙውን ጊዜ ከ430 ኪሎ በላይ የሚመዝን ፈረስ ነው። ለእሱ የተሰፋ ኮርቻ በእርስዎ ዳማ ላይ ቢጫን ሳንቆቹ ወደ ጎን ስለሚከፈቱ የፊቱ ቅስት ወርዶ የጫንቃው ጉብታ ላይ ይቀመጣል ብዬ እሠጋለሁ።

ስፋት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ሳንቆቹ የሚያጋድሉበት ማዕዘን ከፈረሱ ጎን ጋር መስማማት አለበት፤ ከፊት ወደ ኋላ ያላቸው መጎንበስም የጀርባውን ጉድጓዳነት መከተል አለበት። ጀርባው ሰርጎድ ያለ ፈረስ ላይ ቀጥ ያለ ሳንቃ ሲጫን ከፊትና ከኋላ ብቻ ነክቶ መሐሉ ይንጠለጠላል፤ ክብደቱ ሁሉ በአራት ነጥቦች ላይ ይወድቃል። ጀርባው ቀጥ ያለ ፈረስ ላይ በጣም የጎበጠ ሳንቃ ሲጫን ደግሞ መሐሉ ላይ ብቻ አርፎ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። የሳንቆቹ ጫፎችም ትንሽ ወደ ላይ ቀና ካላሉ ፈረሱ በተራመደ ቁጥር የትከሻ አጥንቱ ወደ ኋላ ሲዞር ጫፉ ይወጋዋል።

አባ ጉግስ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ ያሉትን በአክብሮት እቃወማለሁ። ኮርቻው ከጠበበ ምንጣፍ ሲጨመር ይበልጥ ይጠባል። ኮርቻው ከሰፋ ደግሞ ውፍረቱ ከፍ ያደርገዋል እንጂ የሳንቃውን ማዕዘን አይለውጠውም፤ ኮርቻውም ከጀርባው እየራቀ ስለሚሄድ ወደ ጎን መሽከርከር ይጀምራል፤ ያንን ለማስቆም የሆድ ጠፍሩ ከመጠን በላይ እንዲጠብቅ ይደረጋል። ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሱፍ ምንጣፍ ለሚስማማ ኮርቻ ይበቃዋል።

ለአክስትዎ ልጅ የሚከተለውን ይንገሩት። ኮርቻውን ገልብጦ ከሥሩ ፎቶ ያንሣ፤ ከፊት በኩልም በቅስቱ ውስጥ ማስመሪያ አድርጎ ያንሣ። ከዚያ የፊቱን ክፍል ጭኑ ላይ አስደግፎ የኋላ መደገፊያውን በሁለት እጁ ወደራሱ ይሳብ። መቀመጫው መሐል ላይ የሚታጠፍ ወይም የሚንቋቋ ከሆነ አጽሙ ተሰብሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል በነፃም ቢሰጡት አይውሰድ። ከሥሩ ያለው የበግ ፀጉር በአንድ ቦታ ብቻ ተልጦ ካየም ይጠርጥር፤ አጽሙ የተጣመመ ወይም ምስማር የወጣ ሊሆን ይችላል።

እርስዎ በበኩልዎ የፈረሱን ጀርባ ቅርጽ መላክ ይችላሉ። ሲታጠፍ ቅርጹን የሚይዝ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይፈልጉ። ፈረሱ ለጥ ባለ መሬት ላይ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ቆሞ ሳለ፣ ሽቦውን ከትከሻ አጥንቱ ሦስት ጣት ያህል ወደኋላ በጀርባው ላይ አሻግረው ይጫኑትና ቅርጹ ሳይበላሽ አንሥተው ካርቶን ላይ ያኑሩት፤ በእርሳስ ይከተሉት። ይህንኑ ጀርባው ዝቅ በሚልበት መሐልና በመጨረሻው ጎድን አጥንት ላይ ይድገሙት። በመጨረሻም ከጉብታው ጀምሮ ወደኋላ በአከርካሪው ላይ አንድ ረጅም መስመር ይውሰዱ። ካርቶኖቹ ተቆርጠው በመንገደኛ እጅ ከተላኩ እዚህ ያለው ሰው ኮርቻው ሥር እያስገባ ማየት ይችላል። ካርቶኑ ፈረሱን ራሱን አይተካም፤ ጨርሶ የማይሆነውን ኮርቻ ግን ያስጥላል።

የደባርቅ አስጎብኚ

እኛ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንቃበር እስከ ግጭና እስከ ጨነቅ እንግዳ ይዘን የምንሄድ ሰዎች አንድ ነገር እንጨምር፤ እዚያ ያለው ከፍታ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ እንስሳውም ሰውም በቶሎ ይደክማል። በሜዳ ላይ ጥሩ የመሰለ ኮርቻ ቁልቁለት ሲጀመር ወደፊት ተንሸራትቶ ትከሻው ላይ ይወጣል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ወደ ሽንጡ ይሸሻል። አባቶቻችን የደረትና የጭራ ጠፍር የሚያስሩት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። አሜሪካኖቹ ኮርቻቸውን ብዙ ጊዜ ያለ ጭራ ጠፍር ይሸጣሉና፣ ለበቅሎ ከሆነ በተለይ የጭራውን ማሰሪያ ቀለበት መኖሩን ይጠይቁ። የበቅሎ ጫንቃ ጉብታው ዝቅ ያለ በመሆኑ ኮርቻን የሚይዝ ነገር የለውም።

ስለ ቀንዱም አንድ ቃል ልበል። ቀንዱ የተሠራው በገመድ የተያዘ ከብት ለማሰር እንጂ ለመጨበጫ አልነበረም። እንግዳው ዳገት ላይ ወደፊት ሲያጎነብስ ሆዱን ይነካዋል፤ በዚህ ተቆጥቶ ከፈረስ የወረደ እንግዳ አጋጥሞኛል። ይሁን እንጂ ፈሪ እንግዳ ከልጓሙ ይልቅ ቀንዱን ቢይዝ ለፈረሱ አፍ እረፍት ነው፤ ዛቡን እየጎተተ አያስጨንቀውም።

አባ ጉግስ (አዘዞ)

ስለ ምንጣፉ የተባለውን ሰምቻለሁ፤ ስለ ክብደቱ ግን አልተዋጠልኝም። የአይስላንድ ፈረስ ከእኛው ብዙም አይረዝምም፤ ትልልቅ ሰዎች ግን ቀኑን ሙሉ ሲሄዱበት ይውላሉ። ለምን የእኛው ብቻ ደካማ ይባላል?

የእንስሳት ሐኪም (ማራኪ)

ደካማ አላልኩም። የአይስላንድ ፈረስ በቁመት ከ130 እስከ 145 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ330 እስከ 380 ኪሎ ግራም ነው፤ ሽንጡ ሰፊ፣ አጥንቱም ወፍራም ነው። በጠቀስኩት የኦሃዮ ጥናትም ሽንጣቸው የሰፋና የእግራቸው አጥንት የወፈረ ፈረሶች የጡንቻ ሕመማቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የእኛ ፈረስ ጽናት ያለው መሆኑን የሚክድ የለም፤ ጽናቱ ግን ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርገዋል። ሲጫን ጆሮውን ወደኋላ የሚያጥፍ፣ ጠፍሩ ሲጠብቅ ዞሮ ለመንከስ የሚሞክር፣ ቁልቁለት ላይ እርምጃው የሚያጥር ወይም ጭራውን ደጋግሞ የሚወዘውዝ ፈረስ ካለ፣ አመለኛ ነው ከማለታችን በፊት ኮርቻውን አውርደን ጀርባውን በጣታችን ጫን ጫን እያደረግን እንይ።

ኮርቻ ሰፊው (አራዳ)

ልጆቼ፣ የምትጽፉትን የልጅ ልጄ እያነበበልኝ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ይህንንም የሚጽፍልኝ እሱ ነው። ጎንደሬው ስለ አሜሪካ ኮርቻ አጽም የተናገረው ከእኛው ሥራ የራቀ አይደለም። የእኛም ኮርቻ ሁለት ሳንቃ አለው፤ በሳንቆቹ መሐል አከርካሪው የሚተነፍስበት ክፍተት ይተዋል፤ እንጨቱም በረጠበ ጥሬ ቆዳ ይለበጣል፤ ቆዳው ሲደርቅ ይጠብቃል። ልዩነቱ የእኛው ሳንቃ አጠር፣ መቀመጫውም ጠበብ ማለቱ ነው። ያ ደግሞ ለፈረሱ ጀርባ አጭርነት ተብሎ የመጣ እንጂ ሠሪው ሰው የሚቀመጥበት መሆኑን ዘንግቶ አይደለም።

ገበያ ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ኮርቻ ግን ለማንም ፈረስ ያልተሠራ ኮርቻ ነው። እኔ እንደ ቀድሞው ሥርዓት የምሠራው ፈረሱ ፊቴ ቆሞ ነው። ዋንዛውን ጠርቤ ሳንቆቹን በእጅ ካስተካከልኩ በኋላ፣ ገና ቆዳ ሳይለብሱ በሥራቸው የጠመኔ ዱቄት እቀባለሁ፤ በፈረሱ ጀርባ ላይ ስስ ጥቁር ጨርቅ እዘረጋና ሳንቆቹን አስቀምጬ በሁለት እጄ እጫናለሁ። ሳነሣው ጨርቁ ላይ ነጩ በደንብ የታተመበት ቦታ ሳንቃው የሚጫነው ነው፤ ምንም ያልታየበት ቦታ ሳንቃው የማይነካው ነው። የሚጫነውን በመሮ ፋቅ አደርግና እንደገና እሞክራለሁ። ነጩ ከፊት እስከ ኋላ ሳይቆራረጥ እስኪታተም ድረስ መሮው አይቀመጥም። ቀንበር ለበሬው ጫንቃ እንደሚጠረበው ነው። የአሜሪካው ኮርቻ ተለብጦና የበግ ፀጉር ተሰፍቶበት ስለሚመጣ ከኋላ እንዲህ ልፋቀው ብትሉ አይቻልም፤ የሚቻለው የጎደለውን በሱፍ መሙላት ብቻ ነው።

ከሥሩ የሚነጠፈውን በተመለከተ፣ ባና የመሰለ ነገር የለም፤ ሱፍ ላብ ይጠጣል። ዛሬ ዛሬ ስፖንጅ የሚያነጥፉ አሉ፤ ስፖንጅ ላቡን አይጠጣም፣ ሙቀቱን ይዞ ቆዳውን ይቀቅለዋል። ባናው ሲታጠፍ እጥፋቱ ከኮርቻው ሥር እንዳይገባ፣ ጭቃና ጭጎጎትም እንዳይዝ በየጊዜው ይራገፍ።

እንዝርት (ቸቸላ)

ሁላችሁም ስለ ፈረሱ ምቾት ጽፋችኋል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ጠያቂው ስለ ሰውም ጠይቀዋል። እኔ በዌስተርን ኮርቻ ስቀመጥ መቀመጫው ደስ ቢለኝም ከወረድኩ በኋላ ጉልበቴ ይታመማል። ይህ የኮርቻው ልክ ነው ወይስ የአቀማመጥ?

ጎንደሬው በዴንቨር

እህቴ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የመቀመጫው ልክ በኢንች የሚሰጠው ከፊት ቅስቱ ሥር እስከ ኋላ መደገፊያው ጫፍ ተለክቶ ነው። ሲቀመጡ በጭንዎና በፊቱ እብጠት (ከቀንዱ ሥር ግራና ቀኝ በተነፋው ክፍል) መካከል አራት ጣት ያህል ክፍተት መኖር አለበት። 16 ኢንች ለትልቅ ሰው የሚሆን ነው፤ መካከለኛ ሰው በ15 ወይም በ15.5 ይመቸዋል። መቀመጫው በሰፋ ቁጥር ሳንቆቹም ብዙ ጊዜ ስለሚረዝሙ፣ ለትንሽ ፈረስ ትልቅ መቀመጫ መምረጥ በሰው ምቾት ስም ሽንጡን መጫን ነው። ለአጭር ጀርባ የሚሆነው ከሥሩ የሚዘረጋው ቆዳ ጥጉ ክብ ሆኖ የተቆረጠው ዓይነት ነው፤ አራት ማዕዘኑ ወደ ዳሌው ይደርሳል።

ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው በእርካቡ ምክንያት ነው። እርካቡ የተንጠለጠለበት ሰፊ ቆዳ ጠንካራ ከሆነ እርካቡ ከፈረሱ ጎን ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀራል፤ ሰውየው እግሩን ለማስገባት ቁርጭምጭሚቱንና ጉልበቱን ሲያጣምም ይውላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኮርቻው አግዳሚ እንጨት ላይ ይቀመጥና ቆዳው ከእርካቡ በላይ በውሃ ይርጠብ፤ ሁለቱም እርካቦች ወደ ውጭ ይዙሩ፣ በሁለቱም ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት ይሻገርና ቆዳው እስኪደርቅ እንዲሁ ይቆይ። ከደረቀ በኋላ እርካቡ ወደ እግርዎ ዞሮ ይጠብቅዎታል። ርዝመቱን ደግሞ እግርዎን ከእርካቡ አውጥተው ሲያንጠለጥሉ የእርካቡ ወለል ቁርጭምጭሚትዎ ላይ እንዲመጣ ያስተካክሉ፤ ለቁልቁለት መንገድ ከዚያ ትንሽ ቢያጥር ይሻላል።

የኮሶዬ መንገደኛ (ጎንደር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዳማውን ለካሁት፤ የደረቱ ዙሪያ 152፣ ርዝመቱ 134 ሴንቲ ሜትር ነው። በዶክተሩ ስሌት ወደ 260 ኪሎ ይሆናል፤ 20 በመቶው 52፣ 25 በመቶው 65 ኪሎ ነው። ከትከሻ አጥንቱ ኋላ እስከ መጨረሻው ጎድን አጥንት ያለው ደግሞ 43 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። የአክስቴ ልጅ የኮርቻውን ሳንቆች ከሥር ሲለካቸው ከዚህ በብዙ የሚረዝሙ ሆነው ስላገኛቸው የ16 ኢንቹን ነገር ትተነዋል።

አሁን በእጄ ያሉት ሁለት ምርጫዎች ናቸው። አንዱ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የሚሠራ፣ ከ7 እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን፣ ለዓረብ ፈረስ ጀርባ ተብሎ የተዘጋጀ ቀላል ዌስተርን ኮርቻ ማስመጣት ነው። ሁለተኛው አባባ ኮርቻ ሰፊው እዚሁ እንዲሠሩልኝ፣ መቀመጫው ሰፋ ብሎ እርካቡ የአሜሪካ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው። በተጨማሪም ፈረሱ በጥቅምት ይወፍራል፣ በግንቦት ይከሳል፤ የትኛውን ልክ ልያዝ?

የእንስሳት ሐኪም (ማራኪ)

በጥቅምቱ ልክ ይሠራ፤ በግንቦት ጡንቻው ሲቀንስ ከጉብታው ግራና ቀኝ ስስ የሱፍ ቁራጭ ይጨመርበት። በከሳበት ልክ ከተሠራ ሲወፍር የሚያሰፉበት መንገድ የለም። ካርቶኑንም በዓመት ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ስለ እንግዳ ክብደት ደግሞ ግልጽ ደንብ ያውጡ፤ 8 ኪሎ በሚመዝን ኮርቻ እንኳ በ20 በመቶ ልክ የሚፈቀደው ሰው 44 ኪሎ ነው፣ እስከ 25 በመቶ ከሄዱ 57 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው መንገዱን ማሳጠርና ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በእግር ማስሄድ እንጂ ኮርቻ የሚፈታው ነገር አይደለም።

የደባርቅ አስጎብኚ

ደንቡን በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አስቀድመው ይጻፉት። እንግዳው ፈረሱ አጠገብ ቆሞ ክብደቱን መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ አስጎብኚውንም ያሳፍረዋል።

ኮርቻ ሰፊው (አራዳ)

ከጥምቀት በፊት ሁሉም ኮርቻ አሳድስልኝ ስለሚል ጊዜ አይኖረኝም፤ ከበዓሉ በኋላ ፈረሱን ራሱን ይዘህ ና። ካርቶኑ ለአሜሪካ ይሁን፤ ለእኔ ፈረሱ ይቁምልኝ። መቀመጫውን ሰፋ አደርገዋለሁ፣ ሳንቃው ግን ከ43 ሴንቲ ሜትሩ አያልፍም። ቀንድ አልሠራም፤ ከፈለግህ ከፊት የሚጨበጥ የቆዳ እጀታ አደርግበታለሁ። እርካብ ግን ከውጭ ይምጣ፤ ጫማ የለበሰ ሰው የሚረግጠው ሰፊ የእንጨት እርካብ እዚህ በቶሎ አይገኝም።

የኮሶዬ መንገደኛ (ጎንደር)

እሺ አባባ፣ እመጣለሁ። ጎንደሬው ወንድሜ፣ የአክስቴ ልጅ እርካብ ሲልክ ምን ዓይነት ይግዛ? የሆድ ጠፍርስ አብሮ ይምጣ?

ጎንደሬው በዴንቨር

የእርካቡ ወለል ከ12 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና በቆዳ የተለበጠ ይሁን፤ ብረት የለበሰው ስለሚከብድ ይቅር። የሆድ ጠፍሩ ከሞሄር (ከአንጎራ ፍየል ፀጉር) የተፈተለ ይሁን፤ ላብ ያሳልፋል፣ ቆዳም አይልጥም። ለዳማው 28 ኢንች ይበቃዋል፤ ሲታሰር ሁለቱ ቀለበቶች በግራና በቀኝ እኩል ከፍታ ላይ ከክርኑ በላይ መዋላቸውን፣ ጠፍሩም ከክርኑ አራት ጣት ያህል ወደኋላ መሆኑን ይዩ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከጥቂት ኪሎ ስለማያልፍ በመንገደኛ ሻንጣ ይገባል፤ እኔም ወደ ዓመቱ መጨረሻ ስለምመጣ ካልቸኮሉ ይዤልዎት እመጣለሁ።